«አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ተረድቶ በትክክል ለመጠቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቦታ የምትሰሩ ወይ የምትማሩ ከሆነ ይሄን አባባል ሳትሰሙት አትቀሩም። የኳስ ኮሜንታተር ይለዋል፣ ዜና ላይ ይመጣል፣ ጠበቃ ይጠቀመዋል፣ አብሯችሁ የሚሰራው ሰውዬ ስለ አከራዩ ሲያማርር ይለዋል። ቃላቶቹን ለየብቻ ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፣ አድ መጨመር ነው፣ ኢንሰልት ስድብ፣ ኢንጁሪ ጉዳት፣ ስለዚህ ሶስቱን ገጣጥሞ «ጉዳት ላይ ስድብ መጨመር» ብሎ ያልፋል። ግን እኮ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ማንንም አልተሳደበም! ሰሚው የሌለ ስድብ ሲፈልግ ዋናው ወሬ ያመልጠዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ስንት ወገናችን ነው ተበድሎ ቅሬታውን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ሲኖርበት «በደሉስ ይሁን፣ ንቀቱ ነው የከበደኝ» የሚለውን ስሜት የሚያወጣበት ቃል አጥቶ ዝም የሚለው፣ ይሄ አባባል ደግሞ ልክ ለዛ ስሜት የተሰራ ነው። ለዛ ነው ከስሩ ጀምሬ በዝርዝር የምጽፈው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሁለቱን ነገሮች ለዩ

አባባሉ ውስጥ ሁሌም ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጉዳት ወይም በደል ነው፣ የገንዘብ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፣ አካል ሊሆን ይችላል፣ ከስራ መባረር፣ መሸነፍ፣ መዘረፍ፣ ብቻ አንድ ሰው ላይ የደረሰ ክፉ ነገር። ሁለተኛው በዛ ላይ ተደርቦ የሚመጣ ንቀት ነው። ንቀት ስል በአፍ የሚወጣ ስድብ ብቻ አይደለም፣ የተጎዳውን ሰው ክብር የሚነካ ማንኛውም ነገር ነው፣ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ የክፍያ መጠየቂያ ሊሆን ይችላል፣ ሳቅም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ነገር ነው፣ ግን አንጀት የሚያሳርረው እሱ ነው።

አንድ ሹፌር የቆመ መኪናችሁን ገጨ እንበል። እስከዚህ ኢንጁሪ ነው። ወርዶ ይቅርታ ከጠየቀ ነገሩ እዛው ያልቃል፣ ወርዶ «ማን እዚህ አቁም አለህ?» ብሎ ከጮኸባችሁ ግን ኢንሰልቱ መጣ። መኪናው በኢንሹራንስ ይሰራል፣ ጩኸቱ ግን ማታ ስትተኙም አይለቃችሁም።

ከታሪክ ደግሞ የሄይቲን ነገር ውሰዱ፣ እኔ ለዚህ አባባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሄይቲ ሰዎች በፈረንሳይ ባርነት ስር ኖረው ተዋግተው በ1804 ነጻ ወጡ። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉስ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ ለነጻነታችሁ እውቅና የምሰጠው 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አላቸው፣ ብሩ ደግሞ ለማን ነው ስትሉ «ንብረት» ላጡት የቀድሞ ባለርስቶች ካሳ ነው፣ ከንብረቱ መሀል ደግሞ ራሳቸው ሰዎቹ አሉበት። ባሪያ አድርጎ የገዛህ ሰው ከእጄ ስለወጣህ ካሰኝ ይልሃል ማለት ነው! በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ አለ፣ ለመክፈል የተበደሩት እዳ ተከፍሎ ያለቀው ግን በ1947 ነው። ባርነቱ ኢንጁሪ፣ የካሳ ጥያቄው ኢንሰልት።

ከኛም ታሪክ አለ። ጣልያን በመርዝ ጋዝ ሳይቀር ወርራን ንጉሠ ነገሥቱ በፈረንጆች ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቀርበው በአማርኛ ሊናገሩ ሲጀምሩ የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው ማፏጨትና መጮህ ጀመሩ፣ ፖሊስ ነው ያስወጣቸው። ወረራው ኢንጁሪ ነው፣ ፉጨቱ ኢንሰልት። እዚህ ጋ ፉጨቱ ማንንም አልገደለም፣ ከጋዙ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ታሪኩን የሚያነብ ሁሉ እዛች ቦታ ላይ ሲደርስ ለምን ደሙ እንደሚፈላ ልብ በሉ። አባባሉ የሚይዘው ያንን ነው።

ስለዚህ አባባሉን ስትሰሙም ልትናገሩትም ስትሉ ራሳችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጉዳቱ የቱ ነው? ንቀቱስ የቱ ነው? ሁለተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ምናልባት የምትፈልጉት ሌላ አባባል ነው፣ እሱን ደረጃ 6 ላይ እናየዋለን።

ደረጃ 2፦ «ኢንጁሪ»ን ከሆስፒታል አውጡት

ዛሬ ኢንጁሪ ሲባል ቁስል፣ ስብራት፣ ኳስ ተጫዋች ሲጎዳ ነው ትዝ የሚለን። ቃሉ የመጣው ግን ከላቲን ነው፣ እዛ ደግሞ ትርጉሙ በደል፣ ከፍትህ ውጪ የሆነ ስራ ማለት ነበር። ሀሳቡ ራሱ በጣም የቆየ ነው፣ በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሮማው ተረት ጸሐፊ ፌድረስ ስለ አንድ ራሰ በራ ሰውና ስለ ዝንብ የጻፈው ተረት ላይ አለ። ዝንቧ መላጣውን ነከሰችው፣ ሰውዬው እሷን ልገድል ብሎ ራሱን በጥፊ አጮለ፣ እሷ አመለጠችና ሳቀችበት፣ ለኔ ለትንሿ ንክሻ ሞት ከፈረድክብኝ አንተ በጉዳትህ ላይ ውርደት ለጨመርከው ለራስህ ምን ልትፈርድ ነው አለችው።

እንግሊዝኛ ውስጥ አሁን ባለው መልኩ ከሚጠቀሱት ቀደምት ቦታዎች አንዱ በ1748 የወጣ የኤድዋርድ ሙር ተውኔት ነው፣ እዛ ላይ ኢንጁሪ በብዙ ቁጥር ነበር፣ ዛሬ ግን በነጠላ ነው የረጋው። ከዛ በኋላ ቻርልስ ዲከንስ በ1830ዎቹ «ፒክዊክ ፔፐርስ» ላይ ከአንድ ገጸ ባሕሪ አፍ ያስወጣው ምሳሌ አለ፣ ስለ አንድ በቀቀን ወፍ ነው፣ ከሀገሩ አፍሰው ማምጣታቸው ሳያንስ ጭራሽ እንግሊዝኛ እንዲናገር አደረጉት ይላል። ለኛ ለስደተኞች ይቺ ምሳሌ ዝም ብላ አታልፍም። ለማንኛውም ኢንጁሪን «በደል»፣ ኢንሰልትን «ንቀት» ወይም «ውርደት» ብላችሁ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካስቀመጣችሁት አባባሉ ራሱ ይከፈታል።

ደረጃ 3፦ አረፍተ ነገር ውስጥ የት እንደሚገባ ልመዱ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

በጣም የተለመደው ቅርጽ «ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» ብሎ ከፊት «ቱ» ያለበት ነው። መጀመሪያ ጉዳቱን ትናገራላችሁ፣ ከዛ አባባሉን፣ ከዛ ንቀቱን። እንዲህ፦ «ዘይ ፋየርድ ሂም፣ ኤንድ ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ፣ ዘይ አስክድ ሂም ቱ ትሬን ሂዝ ሪፕሌስመንት።» ከስራ አባረሩት፣ ይባስ ብለው እሱን የሚተካውን ሰው አሰልጥንልን አሉት። እዚህ ቅርጽ ላይ አባባሉ ከፊቱና ከኋላው ኮማ ይፈልጋል፣ ስትናገሩም ትንሽ ቆም ማለት ነው። አረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይም ይገባል፣ ያኔ ጉዳቱን ባለፈው አረፍተ ነገር ጨርሳችሁታል ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን አደራ! ከአባባሉ በኋላ የሚመጣው ሁሌም ንቀቱ ነው። «ዘይ አስክድ ሂም ቱ ትሬን ሂዝ ሪፕሌስመንት፣ ኤንድ ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ፣ ዘይ ፋየርድ ሂም» ካላችሁ ሰሚው መባረሩን እንደ ማስከተያ ነገር ነው የሚወስደው፣ ነገሩ ተገለበጠ። እኛ አማርኛ ላይ ትልቁን ነገር ወደ መጨረሻ መግፋት ስለምንወድ ነው መሰለኝ ይሄ ስህተት ይደጋገማል።

ሁለተኛው ቅርጽ የሆነ ነገር ራሱ ባለቤት ሆኖ የሚመጣበት ነው። «ዘ ሌተር አዲድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» ማለት ደብዳቤው ነገሩን አባሰው፣ አዋረደን ማለት ነው። እዚህ ግሱ ይለወጣል፣ ለአሁን አድዝ፣ ላለፈ አዲድ፣ እየሆነ ላለ አዲንግ። የመጀመሪያው ቅርጽ ላይ ግን «ቱ አድ» ፈጽሞ አይለወጥም፣ ወሬው የዛሬም ይሁን የአምና፣ ባለቤቱ እሱም ይሁን እነሱ እንዳለ ይቀመጣል።

ሶስተኛው ቅርጽ በንግግር በጣም የሚጠቅማችሁ ነው፦ «ዛት ጀስት አድዝ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ።» አንድ ሰው የደረሰበትን ሲነግራችሁ ሰምታችሁ እንዲህ ብትሉት በደሉንም ንቀቱንም ለይቼ አይቼልሃለሁ እንዳላችሁት ነው። «አይ አም ሶሪ» ብቻ ከማለት በጣም የተሻለ ማጽናኛ ነው፣ ሰው የተረዱት ሲመስለው እኮ ይቀለዋል።

አራተኛው ደግሞ ለመከልከል ነው፣ «ሌትስ ኖት አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ»። ለምሳሌ ቢሮ ውስጥ የሰው ደሞዝ ሊቀነስ ተወስኖ አለቃው በዛው ቀን የማኔጀሮች ግብዣ እናድርግ ካለ አንድ ጨዋ ሰው ይሄንን ማለት አለበት።

ደረጃ 4፦ ቃላቱን አትነካኩ፣ አነባበቡንም አስተካክሉ

አባባሉ የረጋ ነው። ኢንሰልት ላይ «ኤን» ወይ «ዘ» አይጨመርም፣ ኢንጁሪ ላይም «ማይ» ወይ «ሂዝ» ባትጨምሩ ጥሩ ነው፣ ሁለቱም በነጠላ ይቀመጣሉ። መሀሉ ላይ ያለው «ቱ» ነው፣ «ኦን» አይደለም፣ በአማርኛ «ላይ» ስለምንል «ኦን» ብሎ የሚተረጉም ብዙ አለ። ደግሞ «ኢንጀርድ» እና «ኢንጀር» የሚሉትን ከኢንጁሪ ጋር አታደባልቁ፣ አንዱ የተጎዳ፣ አንዱ መጉዳት ነው፣ አባባሉ የሚፈልገው ጉዳት የሚለውን ስም ነው።

አነባበብ ላይ፣ ኢንሰልት ስም ሲሆን ጫናው «ኢን» ላይ ነው፣ መሳደብ የሚለው ግስ ሲሆን ግን ጫናው «ሰልት» ላይ ይወርዳል። አባባሉ ውስጥ ያለው ስም ነው፣ ስለዚህ «ኢን»ን ጫን አድርጉት። በፍጥነት ሲነገር ደግሞ ቃላቶቹ ስለሚጣበቁ ጆሮ ላይ የሚመጣው «ቱአዲንሰልቱኢንጀሪ» የሚል አንድ ረጅም ቃል ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት ምን እንደሆነ ባይገባችሁ አይግረማችሁ።

አልፎ አልፎ ተገልብጦ «ኢንጁሪ ቱ ኢንሰልት» ሲባል ትሰማላችሁ። እሱ ሆን ተብሎ ነው፣ በተለይ ስፖርት ዜና ላይ፣ አንድ ቡድን መጀመሪያ ተዋርዶ ከዛ ተጫዋቹ ደግሞ እግሩን ከተጎዳ ይገለብጡታል። እናንተ ቀጥተኛውን ሳትለምዱ አትገልብጡት።

ደረጃ 5፦ ወደ አማርኛ ስትመልሱት ተረት አትፈልጉ

ሰው አባባል መተርጎም ሲባል ቶሎ ወደ ተረትና ምሳሌ ይሮጣል። ለዚህኛው ግን አማርኛ በየቀኑ አፋችን ላይ ያሉ ሁለት መንገዶች አሉት፣ ሁለቱም ከተረት ይሻላሉ።

አንዱ «ይባስ ብሎ» ነው። «ብሩን በላው፣ ይባስ ብሎ ሌባ ብሎ ከሰሰኝ።» ቦታው ሁሉ ልክ እንደ እንግሊዝኛው ነው፣ በጉዳቱና በንቀቱ መሀል ይገባል። ልዩነቱ የኛው በሰው ይለወጣል፣ ይባስ ብላ፣ ይባስ ብለው እያልን ነው የምንሄደው፣ የእንግሊዝኛው አይንቀሳቀስም። «ጭራሽ» የሚለውም ተመሳሳይ ስራ ይሰራል፣ ትንሽ የመገረም ስሜት አለው።

ሁለተኛው «ሳያንስ» ነው፣ እኔ ከሁሉም የምመርጠው ይሄንን ነው። «መግጨቱ ሳያንሰው ሰደበኝ»፣ «ደሞዜን መከልከሏ ሳያንሳት ፓስፖርቴን ደበቀች»። ሁለቱንም፣ ጉዳቱንም ንቀቱንም፣ በአንድ ትንፋሽ ይይዛል፣ ማን እንደበደለም ይናገራል። የአማርኛ ወሬ ውስጥ «ሳያንሰው» የሚል ሀሳብ ሲመጣባችሁ እንግሊዝኛው ላይ ይሄን አባባል ሞክሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል።

አሁን ለአስተርጓሚዎች። በአሜሪካም በአውሮፓም ለሀበሻ ማኅበረሰብ ችሎት ላይ፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ሆስፒታል የምታስተረጉሙ እህት ወንድሞች፣ እዚህ ጋ እለምናችኋለሁ። ጠበቃዋ «ኤንድ ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ፣ ዘ ላንድሎርድ ኬፕት ኸር ዲፖዚት» ብትል «አከራዩም ሰድቧት ዲፖዚቷን አስቀረባት» ብላችሁ ከተረጎማችሁ በጉዳዩ ውስጥ ያልነበረ ስድብ ገባ። ሴትየዋ «ኧረ አልሰደበኝም» ትላለች፣ ያ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ የራሷን ጠበቃ ያስተባበለች ይመስላል፣ እውነተኛ ምስክር ውሸታም መስላ ትቀራለች። «ይባስ ብሎ አከራዩ ዲፖዚቷን አስቀረባት» በሉ፣ በቃ። በተቃራኒውም እንደዛው ነው፣ ባለጉዳዩ «ይባስ ብሎ» ሲል እያንዳንዱን ጊዜ ወደዚህ አባባል አትመልሱት፣ ንቀት ከሌለበት «ቱ ሜክ ማተርስ ወርስ» ነው ታማኙ ትርጉም።

ሆስፒታል የምትሰሩ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ሐኪሞች እርስ በርስ ሲያወሩ ኢንሰልት የሚለውን ቃል ለብቻው በአንድ የሰውነት ክፍል ላይ የደረሰ ጉዳት ለማለት ይጠቀሙበታል፣ ለምሳሌ አንጎል ኦክሲጅን ሲያጣ። እሱ ከዚህ አባባል ጋር ግንኙነት የለውም፣ ከስድብ ጋርም የለውም፣ «ጉዳት» ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ ከዘመዶቹ ለዩት

አብረውት የሚምታቱ አራት አምስት አባባሎች አሉ፣ ደግነቱ ለአብዛኞቹ ቁጭ ያለ የአማርኛ አቻ ስላለን በሱ መያዝ ይቻላል።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው ችግር ላይ ሌላ ችግር ሲመጣ ነው፣ ጆሮ ደግፍ ደግሞ ማንንም አይንቅም፣ በሽታ ነው። ለሱ እንግሊዝኛው «ቱ ሜክ ማተርስ ወርስ» ነው። መብራት ጠፋ፣ ውሃም ጠፋ፣ ስልኩም ቻርጅ ጨረሰ፣ ይሄ ሁሉ እዚህ ይገባል። እውነት ለመናገር ዛሬ ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህም «ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» ይላሉ፣ መዝገበ ቃላትም ክፉን ነገር ማባስ ብለው ሰፋ አድርገው ይፈቱታል፣ ስለዚህ ሲሉ ብትሰሙ አትገረሙ፣ ተሳሳቱም አትበሉ። የኔ ምክር ግን እናንተ ለንቀት አስቀምጡት ነው፣ ለዝናብና ለመብራት እያላችሁ ካደከማችሁት በእውነት ስትዋረዱ የምትሉት አይኖራችሁም።

«በቁስል ላይ እንጨት መስደድ» ለሚለው እንግሊዞቹ ጨው ነው የሚያደርጉት፣ «ረብ ሶልት ኢን ዘ ዉንድ»። ከኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ ጋር ያለው ልዩነት ስስ ነው፣ እዚህ አዲስ ንቀት ላይኖር ይችላል፣ ያለውን ሕመም መልሶ መቀስቀስ ነው ዋናው። ፈተና ለወደቀ ልጅ የጓደኛውን ሰርተፍኬት ማሳየት ጨው ነው። «አንተ እኮ ድሮም አትችልም» ማለት ኢንሰልት ነው።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» ደግሞ «ኪክ ሰምዋን ዌን ዘይ አር ዳውን»፣ የወደቀን ሰው መርገጥ። ይሄኛው ላይ መቺው መጀመሪያ ከጣለው ሰው የተለየ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ አላፊው ሁሉ ምሳሩን ይዞ የሚመጣበት ነው። «ከድጡ ወደ ማጡ» ለሚለው «አውት ኦፍ ዘ ፍራይንግ ፓን ኢንቱ ዘ ፋየር» ይባላል፣ እሱ ከአንዱ አምልጦ የባሰ ውስጥ መግባት ስለሆነ ከኛ ጉዳይ ይርቃል።

ደረጃ 7፦ የት ልበለው፣ የት ልተወው

ንግግር ላይ፣ ለጓደኛ ኢሜል ላይ፣ ዜና ላይ፣ ንግግር አድራጊ ሰው አፍ ላይ ችግር የለውም፣ ብልግናም የለበትም፣ ከአለቃ ጋርም ይነገራል። አይኤልትስ ለምትወስዱ፣ ስፒኪንግ ላይ ቦታው ከገጠመ በሉት፣ አባባል በተፈጥሯዊ መንገድ መጠቀም የሚመዘን ነገር ነው፣ ራይቲንግ ላይ ግን መደበኛ ድርሰት ስለሆነ ብትተዉት ይሻላል። ሰው ሞቶበት ያዘነ ሰው ፊት ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ሞትን ኢንጁሪ ብሎ መጥራት በጣም ያቀለዋል።

ዋናው ቦታው የቅሬታ ደብዳቤ ነው። እዚህ ጋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እውነታውን በቀንና በብር ከዘረዘራችሁ በኋላ አስገቡት። ለምሳሌ፣ «ዩ ካንስልድ ማይ ኮንትራክት ዊዝአውት ኖቲስ። ቱ አድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ፣ ዩ ዜን ቢልድ ሚ ፎር ዘ ካንስሌሽን።» ውሌን ሳታሳውቁኝ ሰረዛችሁ፣ ይባስ ብላችሁ የመሰረዣ ክፈል አላችሁኝ። ስድብ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም፣ ግን አንባቢው ሁለት ጥፋት እንዳጠፋ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፣ አንዱን ይቅርታ ጠይቆ ሌላውን መሸሽ አይችልም። ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ካስገባችሁት ግን ንዴት ብቻ ነው የሚመስለው፣ ሶስት ጊዜ ከደጋገማችሁት ደግሞ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ደረጃ 8፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ከመልሱ በፊት እያንዳንዱ ላይ «ጉዳቱ የቱ፣ ንቀቱ የቱ» በሉ።

አውቶቡስ አመለጣችሁና ዝናብ ጣለባችሁ። ማንም አልናቃችሁም፣ «ቱ ሜክ ማተርስ ወርስ»።

አረብ ሀገር የምትሰራ ልጅ የወራት ደሞዟ ተከለከለ፣ ስትጠይቅ «ያበላንሽን አመስግኚ» ተባለች። ይሄ ንጹህ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ ነው፣ ልጅቷ ኤምባሲም ሆነ የሰራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዳ በእንግሊዝኛ ካስረዳች ሁለቱንም ለየብቻ ትናገር፣ ደሞዙ የሕግ ጉዳይ ነው፣ ንግግሩ ደግሞ እንዴት እንደያዟት ያሳያል።

በ1986 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ማራዶና እንግሊዝ ላይ በእጁ አገባ፣ ጎሉ ጸደቀ፣ አርጀንቲና 2 ለ 1 አሸንፋ እንግሊዞች ወደ ቤት ሄዱ። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ስለ ጎሉ ሲጠየቅ ትንሽ በማራዶና ጭንቅላት፣ ትንሽ በእግዚአብሔር እጅ አለ። ለእንግሊዝ ደጋፊ ጎሉ ኢንጁሪ፣ መልሱ ኢንሰልት። ለአርጀንቲና ደጋፊ ሁለቱም አይደሉም፣ አባባሉ ሁሌም ከተጎዳው ሰው ወገን ሆኖ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ስትናገሩት ወገን እንደያዛችሁ እወቁት።

በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ስሙ የሚነሳው ግራዚያኒ በ2012 በፈረንጅ አቆጣጠር ከሮም ብዙ በማይርቅ አፊሌ በሚባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ተሰራለት። ጉዳቱና ንቀቱ መሀል ሰባ አምስት ዓመት አለ፣ የሰሩትም ሰዎች ሌሎች ናቸው። ያም ሆኖ ይገባል፣ አባባሉ የጊዜ ገደብ የለውም፣ በዳይና ናቂም አንድ ሰው መሆን የለባቸውም፣ የተጎዳው ወገን አንድ ከሆነ ይበቃል። «ዘ ሞኑመንት አዲድ ኢንሰልት ቱ ኢንጁሪ» ማለት ትችላላችሁ።

የመጨረሻው፣ አየር መንገድ ሻንጣችሁን አጠፋ፣ ገና ሳይገኝ በማግስቱ «ጉዞዎ እንዴት ነበር? አምስት ኮከብ ይስጡን» የሚል ኢሜል መጣ። ኢሜሉን የላከው ኮምፒዩተር ነው፣ ኮምፒዩተር ደግሞ አይንቅም፣ ስለዚህ አይገባም የሚል ሰው ይኖራል። ይገባል። አባባሉ የላኪውን ሀሳብ አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው ተቀባዩ ላይ ምን እንዳደረሰ ነው፣ ያለ ሻንጣ፣ ያለ ቅያሪ ልብስ ሆቴል ለተቀመጠ ሰው ኮከብ ስጠን ማለት ሆን ተብሎ ባይሆንም ንቀት ነው። መልስ ስትጽፉላቸውም ኮከቡን ትታችሁ ሻንጣው የጠፋበትን ቀንና የሻንጣውን ታግ ቁጥር ጻፉ፣ ከዛ አባባሉን፣ ከዛ ስለ ኢሜሉ አንድ አረፍተ ነገር።